ጋብቻ፣ ሃይማኖትና ሥልጣን፦ የጊቤ ነገሥታትና የጀርመን መሳፍንት



ዛሬ የተሰበሰብንባት አጋሮ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎማ መንግሥት መዲና ነበረች። ጎማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጉማና ጌራ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ይባላሉ። ቤተ መንግሥቶቻቸው እርስ በርስ ይጋቡ ነበር። ለዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ጋብቻ በእርግጥ ምን ያስገኝ ነበር የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1843 የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የከፋን ንጉሥ እኅት ለማግባት ሙሽራዋን የሚያመጡ አጃቢዎች ላኩ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ከፋን ለማየት የበቃው ከእነርሱ ጋር ተጉዞ ነው። አባ ባጊቦ ሙስሊም ነበሩ፤ የከፋ ቤተ መንግሥት ግን አልነበረም። ሆኖም የእምነት ልዩነቱ ጋብቻውን አላገደውም። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና በባርነት የተያዙ ሰዎች ከደቡብ በሳቃ ገበያ አልፈው ወደ ጎጃም ይወጡ ነበርና፣ መንገዱ ዝምድናን ይፈልግ ነበር።

ከዚህ 300 ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን ነገሩ የተለየ ነበር። ከተሐድሶው ወዲህ የፕሮቴስታንት መሳፍንት ልጆቻቸውን በአብዛኛው የሚድሩት ለእምነት አጋሮቻቸው ነበር። ጋብቻው በአንድ ሚስት የተወሰነ ስለሆነም ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። የሄሱ መስፍን ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1540 በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት በምሥጢር አገባ፤ ሉተርና ሜላንክቶንም ነገሩ ተሰውሮ እንዲቆይ በማሳሰብ ፈቅደውለት ነበር። ምሥጢሩ ሲወጣ ፊሊፕ ከቅጣት ለመዳን በ1541 ከንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ጋር ተስማማ። የፕሮቴስታንቶቹ ኅብረት ዋና መሪ እጁ ታሰረ። በዚያው ዓመት ሴት ልጁን አግነስን ያገባው የሳክሶኒው ሞሪትስም በ1546 በተነሣው ጦርነት ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመ። በ1547 አማቱ ሲታሰር፣ አማቹ የዘመዱን የመራጭነት ማዕረግ አገኘ። ሆኖም በ1552 ንጉሠ ነገሥቱን ከድቶ ፊሊፕ እንዲፈታ ምክንያት የሆነው ያው ሞሪትስ ነው።

እኔ ራሴ ቀድሞ የነገሥታትን ጋብቻ እንደ ሰላም ውል አስተምር ነበር። አሁን ግን ያንን አልልም። ሊሙና ጅማ የንግዱ መንገድ በሚያልፍበት በባዲ ፎላ የተነሣ ተዋግተዋል፤ ሞሪትስም አንድ ጊዜ አማቱን ወግቷል፣ አንድ ጊዜ አስፈትቷል። በሁለቱም አገር ጋብቻ በር ይከፍት ነበር፤ በሩን ሊጠብቅ ግን አልቻለም። ልዩነታቸው እምነት በጀርመን ሙሽራዋ ከየት እንደምትመጣ ሲወስን፣ በጊቤ ግን ገበያው የእምነትን ድንበር መሻገሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሙሽሮቹን የምናውቃቸው በአብዛኛው በወንድምና በባል ስም ነው። የጌራዋ ገኔ ፋ ግን ከዚህ ትለያለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ለልጇ ሞግዚት ሆና ገዝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ጣሊያናውያኑን ተጓዦች ቼኪንና ኪያሪኒን አግታ ይዛቸዋለች፤ ኪያሪኒም በዚያው በእስር ሳለ ሞቷል። የጋብቻን ፖለቲካ የምናጠና ተማሪዎች ሙሽራዋ ወደ ባሏ ቤት ከገባች በኋላ የሆነውን ካልጠየቅን፣ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዘን እንቀራለን።