ጥር 11 ቀን 2030፦ ከርነሉ ታርሟል፣ ቅጂው ግን?

በ2030 ዓ.ም. ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል። በባሕር ዳር ታቦታቱ ከከተራ ጀምረው በጥምቀተ ባሕሩ አድረው፣ ካህናቱም ሌሊቱን በማሕሌት አንግተው ሳለ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲሆን ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥር ኮምፒውተር ሁሉ መቁጠሪያው ይሞላበታል። ቀኑ ከበዓሉ ጋር መግጠሙ ግጥምጥሞሽ ነው፤ የመሙላቱ ምክንያት ግን የታወቀ ነው። ዩኒክስን በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት መሐንዲሶች ጊዜን የለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነበር። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ 32 ቢት ሲሆን አንዱ ቢት ለምልክት ይውላል፤ በቀሪው 31 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰከንድ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ማሽኑ ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያገኘዋል።

ይህን ስህተት ለታሪክ ዓምድ የሚያበቃው የታረመበት መንገድ ነው። ከርነል የሚባለው ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኋላ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል እየሠራ መሆኑን ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ደርግ በወደቀ በ3 ወሩ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው እትም 10 ሺህ መስመር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር አልፏል፤ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ኮዱን ማንም ያነባል፣ ማንም እርማት ያቀርባል፣ የሚቀበለውና የሚመልሰው ግን የየክፍሉ ኃላፊ ነው። እያንዳንዱ እርማት ሲገባ የወጣው መስመር በመቀነስ፣ የተተካው በመደመር ምልክት ይታያል፤ ስህተቱን የጠቆመው፣ ያረመውና የመረመረው ሰው በስም ይሰፍራል፤ ስህተቱን መጀመሪያ ያስገባው ለውጥም ይጠቀሳል። ጥፋቱ የት እንደገባ ካልታወቀ ጊት የተባለው መሣሪያ የለውጦቹን ዝርዝር ለሁለት እየከፈለ ያስፈትናል፤ በ1,000 ለውጦች መካከል የተሸሸገ ስህተት በ10 ሙከራ ገደማ ይያዛል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት እያለ 32ን ወደ 64 መቀየር ለምን ዓመታት ፈጀ? ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ መስመር ሥራ ይመስላል። ችግሩ ከርነሉ ብቻውን የማይኖር መሆኑ ነው፤ በላዩ ላይ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሮግራሞች ይሠራሉ፤ እነሱም ሲጻፉ የሰከንዱ ቁጥር 4 ባይት እንደሚይዝ አምነው ነው። ከርነሉ በድንገት 8 ባይት ቢልክላቸው የማይገባቸውን ቁጥር እያነበቡ ይበላሻሉ። ቶርቫልድስ ደግሞ ትናንት የሠራ ፕሮግራም በከርነል ለውጥ ምክንያት ዛሬ መቆም የለበትም በሚለው ሕግ ድርድር አያውቅም። ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው ሌላ ነጻ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2014 ቆርጦ ወደ 64 ቢት ተሻገረ፤ ከርነሉንና ፕሮግራሞቹን አንድ ላይ አጠናቅሮ ስለሚያወጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ቻለ። ሊኑክስ ይህ ምቾት አልነበረውም። ስለዚህ የከርነሉ ፕሮግራመር አርንድ ቤርግማን የመሩት ቡድን አሮጌውን በር ሳይዘጋ አጠገቡ አዲስ በር መክፈት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 5.1 እትም፣ ባለ 32 ቢት ማሽኖች ጊዜን በ64 ቢት የሚጠይቁባቸው አዳዲስ ጥሪዎች ገቡ፤ የቀረው ተጠናቆ 5.6 እትም መጋቢት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓለም በኮሮና ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ወጣ። በመካከሉ የፋይሎችን የጊዜ ምልክት ማረሙ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ዲፓ ዲናማኒ አውትሪቺ በተባለው የሥልጠና ፕሮግራም በኩል ወደ ከርነሉ ገብታ የፋይል ሲስተሞቹን ክፍል ደረጃ በደረጃ ያሻገረች ናት፤ ወደ ኋላ ይህን ነጥብ አነሣዋለሁ።

እንግዲህ ከርነሉ ታርሟል። ክርክሬም የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ምንጩን ማረም አንድ ሥራ፣ ቅጂውን ማረም ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ሄልሲንኪም ሆነ ካሊፎርኒያ አይሠራልንም። ለዚህ ከጣና ደሴቶች ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነ ማስረጃ የለም። ብሉይ ኪዳን በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተረጎመ፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ የዐረብኛ ትርጉሞችን በመመልከት ታረመ። የታረመው ንባብ ሲወጣ አሮጌው ግን አልጠፋም። ቀድሞ የተገለበጠ ብራና በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበርና ሌላው ቁም ጸሐፊ ከእሱ ገለበጠ፤ አንዳንዱም ሁለቱን አቀላቅሎ ጻፈ። ኧርነስት ሐመርሽሚት የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥተው፣ የክብራን ገብርኤልን የያዘውን የመጀመሪያውን ካታሎግ በ1973 ሲያሳትሙ ሊቃውንት ለማነጻጸር ያገኙት ዕድል ይኸው ነበር፤ የትኛው ብራና ከየትኛው ንባብ ጋር እንደሚሄድ አንድ በአንድ መመልከት። አንድ ብራና የሚታረመው ባለቤቱ ወይም መምህሩ ከተሻለ ቅጂ ጋር አስተያይቶ፣ የተሳሳተውን ፍቆ፣ የጎደለውን በመስመሮቹ መካከል በደቃቅ ፊደል ሲያስገባ ነው። ሌላ ገዳም ያለው መጽሐፍ በመታረሙ የዚህኛው አይታረምም።

የከርነሉም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ የኔትወርክ መሣሪያ ወይም የመቆጣጠሪያ ሳጥን ከፋብሪካ ሲወጣ የዚያን ጊዜውን የሊኑክስ ቅጂ ይዞ ይወጣል። አምራቹ ሁለት ሦስት ዓመት ያድሰውና ይተወዋል፤ መሣሪያው ግን ዝም ብሎ ይሠራል። ከርነሉ ቢታደስ እንኳ በላዩ ያሉት ፕሮግራሞች በአዲሱ በር እንዲገቡ ሆነው እንደገና መጠናቀር አለባቸው፤ ብዙዎቹ የሊኑክስ ሲስተሞች የሚደገፉበት ጂ.ሊብ.ሲ. የተባለው ላይብረሪ ለ32 ቢት ማሽኖች ይህን ምርጫ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ ከእነዚህ ሲስተሞች አንዱ የሆነው ዴቢያን በሰፊው የተሻገረው በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ነው። ዲስኩም ራሱ ጣጣ አለው። ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተም ለእያንዳንዱ ፋይል መዝገብ 256 ባይት ከተሰጠው እስከ 2446 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፤ 128 ባይት ብቻ ተሰጥቶት የተዘጋጀ ዲስክ ግን ማሽኑ ባለ 64 ቢት ቢሆንም በ2038 እ.ኤ.አ. ይቆማል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኮምፒውተሮች የተነዛው ሽብር ባዶ ሆኖ ቀርቷል፣ ይህም እንዲሁ ያልፋል የሚለው ነው። ያኔ ባዶ የሆነው ግን በየአገሩ ፕሮግራመሮች ዓመታት ቀድመው አሮጌ ኮድ ሲያርሙ ስለከረሙ ነው፤ የተከላከሉትን አደጋ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፦ የዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ በአብዛኛው 64 ቢት ነው፣ አሮጌው እስከ 2030 ዓ.ም. በራሱ ይጣላል። ለቢሮ ኮምፒውተር ይህን እቀበላለሁ። ግድግዳ ላይ ወይም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ማንም የማያየው መሣሪያ ግን በእኛ አገር እስኪሞት ይሠራል፤ ያገለገለ ዕቃም ከውጭ ገብቶ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ደግሞም ችግሩ ያንን ማለዳ አይጠብቅም፤ የ20 ዓመት ብድር የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ዛሬውኑ ከገደቡ አልፎ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሙሉውን መሠረት ይነካል። ኮዱ ክፍት መሆኑ ምን አተረፈ? ይላል። ደርቲ ካው የተባለው የከርነል ቀዳዳ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ለዓመታት በሁሉም ፊት ተቀምጦ ነበር። እውነት ነው። እንዲያውም ቶርቫልድስ ራሱ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሊያርመው ሞክሮ እንደነበረና እርማቱ በአንድ ዓይነት የአይ.ቢ.ኤም. ማሽን ላይ ችግር ስለፈጠረ ተሽሮ እንደቀረ በመጨረሻው እርማት ማብራሪያ ላይ ጽፏል። ክፍት ኮድ ራሱን አያነብም፤ አንባቢ ይፈልጋል። ነገር ግን የዚያ ጥፋት ታሪክ፣ ማን መቼ ሞከረ፣ ለምን ተሻረ የሚለው ሁሉ ዛሬ ለማንም ተማሪ የተገለጠ ነው። በዝግ ኮድ ውስጥ የደረሰ ተመሳሳይ ጥፋት ቢኖር ባለቤቱ ካልነገረን አናውቀውም፤ ቢነግረን እንኳ ማረም አንችልም። ክፍትነት መፍትሔ ባይሆንም መፍትሔ የመፈለግ መብት ነው፤ ያልተሠራበት መብት ደግሞ ከመከልከል ብዙም አይለይም።

ታዲያ አንባቢው ከየት ይመጣል? ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ፖሊ ቴክኒክ ነበራት፤ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019፣ የታተመ አማርኛ ጽሑፍን ለኮምፒውተር የሚያስነብብ ከ337 ሺህ በላይ የመስመር ምስሎች ስብስብ ሲያቀርቡ፣ የምስሎቹን አብዛኛውን ያመነጩት ኦክሮፐስ በተባለ ክፍት ኮድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በአሜሪካ ያለው የግእዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የግእዝና የሌሎች ቋንቋዎችን የቀንና የወር ስሞች ወደዚያው ጂ.ሊብ.ሲ. አስገብቷል። በነገራችን ላይ በአማርኛው ፋይል ውስጥ ወሮቹ ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እየተባሉ ይሄዳሉ፤ ሠንጠረዡ 12 ቦታ ብቻ ስላለው ጳጉሜን ማደሪያ አጣች። ከርነሉ በዚህ አይወቀስም፤ እሱ የሚያውቀው ሰከንድ ብቻ ነው፣ የማንንም ወር አያውቅም። 13ኛው ወር የቀረው ከእሱ በላይ ባለው ንብብር ነው፤ ያም ክፍት ነው።

ከርነል ለባለጸጋ አገር የተተወ ቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች የዲናማኒን ነገር ቢያዩት ደግ ነው። የመጣችው በትልቅ ኩባንያ ሹመት አይደለም፤ በሥልጠና ፕሮግራም ገብታ፣ በየመስመሩ እየተተቸች፣ እያረመች ነው። ሥራው የሚጠይቀው የሲ ቋንቋ ዕውቀት፣ መካከለኛ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። የትችቱ ክብደት ብዙ ጀማሪዎችን እንዳባረረ አይካድም፤ በቅኔ ቤት የመምህርን ተግሣጽ ችሎ የቆመ ተማሪ ባለበት አገር ግን ይህ እንደ ምክንያት አይቀርብም።

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ ላሉ የግዥ ኃላፊዎች የምለው አለ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሊኑክስ የሚሰራጨው በጂ.ፒ.ኤል. ሁለተኛ እትም ፈቃድ ነው፤ ከርነሉን በመሣሪያ ውስጥ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ሁሉ የከርነሉን ኮድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ውል ስትፈርሙ ኮዱን ጠይቁ፤ የከርነሉ እትም 5.6 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን፣ ፕሮግራሞቹም ጊዜን በ64 ቢት እንደሚቆጥሩ በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ። አሁን የተተከሉትን መሣሪያዎች ደግሞ መዝግቡና አንዱን ነጥላችሁ ሰዓቱን ወደ ጥር 11 ቀን 2030 አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ የኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኙም።