የመጀመሪያዋ ሌሊት፦ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የአእምሮ ጤና ቀውስ አገልግሎት ከማን ይጀምር?

ከሽንዲ ወይም ከማንኩሳ ራቅ ባለ ቀበሌ አንዲት ሴት በሌሊት ምጥ ቢይዛት ምን እንደሚደረግ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ጎረቤት ይጠራል፣ ቃሬዛ ይወጣል፣ ጎልማሶች እየተፈራረቁ እስከ መኪና መንገድ ያደርሷታል። በዚያው ቀበሌ አንድ ጎረምሳ ሦስት ቀን እንቅልፍ ሳይወስደው ቆይቶ በአራተኛው ሌሊት ከማይታይ ሰው ጋር እየተሟገተ ምሳር ቢያነሳ ግን ማን እንደሚጠራ የተቆረጠ ነገር የለም። ታላቅ ወንድሙ በሩ ላይ ተጋድሞ ያድራል። እናቱ ምሳሩንና የነቀዝ መድኃኒቱን ትሸሽጋለች። ጎህ ሲቀድ መጫኛ ይመጣና ልጁ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል።

በእኔ እምነት ኢትዮጵያ ከባድ የአእምሮ ሕመምን በገጠር ጤና ጣቢያ ማከም እንደሚቻል በራሷ ምድር አስመስክራለች፤ ለቀውሱ ሰዓት ግን እስካሁን ተረኛ አልመደበችም። ተረኛውም ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ሳይሆን አሁን ቃሬዛ የሚሸከመው ሰው መሆን አለበት።

ማስረጃው የመጣው ከቡታጅራና ከአጎራባቹ የሶዶ ወረዳ ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም አስደንጋጭ ነገር ይዞ ወጣ፦ 121ዱ ሞተዋል፣ የሞቱትም ከሌላው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም ተከትለውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሻርሎት ሃንሎን፣ አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ከ300 በላይ ሕሙማንን ያሳተፈ ሙከራ አሳተሙ። በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ጠቅላላ ባለሙያዎች የታከሙት ሰዎች ውጤት በሳይካትሪ ነርስ ከታከሙት የሚያንስ አልሆነም። በዚያው ዓመት ሎራ አሸርና ባልደረቦቿ ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ከመድኃኒቱ ጎን የሠለጠነ የመንደር ሠራተኛ ቤት ድረስ እየሄደ ሲያግዛቸው የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል።

የሁለቱ የሕክምና ጥናቶች ውጤት የሚያኮራ ነው። ሁለቱም ግን ታሪኩን የሚጀምሩት ሕመምተኛው ከታወቀና ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በቅርብ ያየው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሶዶ ጥናት ነው፤ ቤተሰብ ለምን እንደሚያስር ጠይቋል። መልሱ ጭካኔ አልነበረም። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ወደ ሕክምናም ለመውሰድ ያስሩታል። ሕክምናው ሲርቅና ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ለአንድ ሌሊት የታሰበው ገመድ ወራት ይሰነብታል። ስለዚህ ማሰርን በሕግ መከልከል ብቻውን፣ ሌላ ረዳት ለሌላት እናት የመጨረሻውን መሣሪያ መንጠቅ ነው የሚሆነው።

በምዕራብ ጎጃም ይህ ችግር በጦርነት ላይ ተደርቧል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በአማራ ክልል በሕክምና ባለሙያዎች፣ በጤና ተቋማትና በአምቡላንሶች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን መዝግቧል። አምቡላንስ በሚፈራበት መንገድ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ክኒኑ ሲያልቅበት ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ወጣቱ ከጦርነቱም በፊት ቅስሙ ተሰብሮ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለውም በዚሁ ዕድሜ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያየው የልጁን ዝምታ ነው፤ ዝምታውንም ለውጤቱ ሐዘን ይሰጠዋል።

ሕመም መሆኑ ሲታወቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ጠበል ነው፤ ይህን እንደ እንቅፋት መቁጠር ደግሞ ጉዳዩን አለማወቅ ነው። እንጦጦ ማርያም ላይ የጠበሉ አገልጋዮችና የሳይካትሪ ሐኪሞች አብረው ሠርተው፣ ሕመምተኛው ሳይጠመቅ እንዲቀር ሳይገደድ መድኃኒቱንም የሚወስድበት አሠራር ተፈጥሯል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ቀርቧል። የቡሬና የአካባቢዋ ካህናት ለዚህ አያንሱም። የንስሐ አባት «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ካለ ቃሉ ከነርሷ ይልቅ ይሰማል።

ሌላም የቆየ ልማድ አለ። አራስ ብቻዋን አትተውም። ምክንያቱ ሰይጣን ነው ቢባልም፣ ከወሊድ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ መታወክ ለምትያዝ ሴት ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነፍስ ያድናል። የሚጎድለው ጠባቂዋ ምን ምልክት ስታይ ለማን መናገር እንዳለባት ማወቋ ነው።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞችን አስቀምጧል፤ እያንዳንዱን ቤት በቤተሰብ ማኅደሩ ያውቁታል። ወጣቷን ሠራተኛ በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ሌሊት ብቻዋን ውጪ ማለት ግን ኃላፊነት የጎደለው ነው። እድሩ ለቃሬዛ እንደሚመድበው ሁሉ ለዚህም ሁለት ሦስት ረጋ ያሉ ሰዎችን ይመድብ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው። የሚማሩት ብዙ አይደለም። የተሰበሰበውን ሰው መበተን፣ ከልጁ ጋር አንድ ሰው ብቻ በለሰለሰ ድምፅ እንዲነጋገር ማድረግ፣ አለመምታት፣ «ሰይጣን ነህ» አለማለት፣ ስለታሙን ማራቅ፣ ደክሟት የቆመችውን እናት ማሳረፍ። ትኩሳት ካለው ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት አይገባም። ከዚያ ጤና ጣቢያ ለሚገኝ ተረኛ ነርስ ይደወላል፤ ተረኛው የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ባለሙያዎች ባዘጋጀው መመሪያ የሠለጠነ ይሁን። በነጋታው ሰው ተልኮ ቤቱ ይጎበኛል።

ለተስፋ መቁረጥ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመረው ሥራ፣ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቀ ሰው የሚያነጋግሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሙከራ ድባቴን እንደሚቀንስ ታይቷል። ለፍኖተ ሰላም ተማሪ ይህ ይስማማል፤ ምሳር ላነሳው ልጅ ግን አይበቃም። ሁለቱን መለየት ያሻል።

አካባቢው የበቆሎ አገር ስለሆነ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የነቀዝና የተባይ መድኃኒት በየጎታው ሥር ይቀመጣል፤ የቀውስ ሰዓት ደግሞ አጭር ነው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማዎቹን ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ከገበያ ስታወጣ ራስን የማጥፋት መጠን በአሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ወረደ። ቡሬ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መድኃኒቱን በጋራ መጋዘን ቆልፈው እየለኩ ቢያድሉት፣ ያለ ተጨማሪ ሐኪም የሚሠራ መከላከያ ይሆናል።

መርፌውና ክኒኑ ከሌለ ግን የእድሩ ሰዎች በከንቱ ይደክማሉ፤ የሃሎፔሪዶልና የዲያዜፓም አቅርቦት ከወባ መድኃኒት እኩል በጤና ጣቢያው ዓመታዊ ግዥ ውስጥ ይግባ። ሥራው በአንድ የቡሬ ዙሪያ ጤና ጣቢያና በሥሩ ባሉ ቀበሌዎች ይጀመር። በየወሩ የሚመዘገበውም ስንት ጥሪ እንደመጣ፣ ስንት ሰው ታስሮ እንደተገኘ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደተፈታ ይሁን።