«ይችላል» እና «ይገባል»



ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ወደ አረብ አገር ልትሄድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ውል በስልክ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ደመወዜ በየዓመቱ ይጨመራል አይደል?» አለችኝ። ሳየው «ሜይ» ነው የሚለው። «ሊጨመርልሽ ይችላል ነው እንጂ ይጨመርልሻል አይደለም። ይጨመራል ለማለት ‹ሻል› ወይ ‹ማስት› መባል ነበረበት» አልኳት። ዝም አለች።

ያኔ ትዝ ያለኝ ውጫሌ ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ውጫሌ ይስማ ንጉሥ ላይ አጼ ምኒልክና የኢጣሊያው መልክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። ይሄ የእንግሊዝኛው «ሜይ» ነው።

የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን «ኮንሴንቴ» ይላል፤ ለጉዳዩ ሁሉ በኢጣሊያ በኩል ለመሥራት ተስማምተዋል እንደማለት። ልብ በሉ፣ ቃሉ ራሱ «ግዴታ» አይልም። ግን በውል ላይ አንዴ ተስማምቻለሁ ካልክ ታሰርክ ማለት ነው። «ሜይ» የነበረው «ማስት» ሆኖ ቁጭ! ኢጣሊያም ይሄን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ንግሥናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሲያበቁ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1882 ዓ.ም. በሰጠችው መልስ ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል እንደሚያልፍ ገለጸች።

ምኒልክ «የአማርኛው ይታረም» አላሉም፤ እቴጌ ጣይቱም አጥብቀው ተከራከሩ። በ1885 ዓ.ም. ውሉ ፈረሰ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ኢጣሊያ የውጫሌን መሻር ተቀብላ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች።

እርግጥ ጦርነቱን ያመጣው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። ኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ትፈልግ ነበር፣ ቃሉ ሰበብ ሆናት። ቢሆንም ሰበብ የሚገባው በተከፈተ በር ነው።

እኛ አዊዎች በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጠን ስንወጣ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ጭምር ነው የምናስበው። ታዲያ እነዚያ ፈረሶች የዘመቱበት ጉዳይ ውስጥ የአንዲት ግሥ ትርጉም እንዳለበት ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ሰዋስው ምን ይሠራልናል?» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሱ ይሄው። የብድር ይሁን፣ የቤት ኪራይ ይሁን፣ የውጭ አገር ሥራ ይሁን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ግሡን ፈልጉ። ይችላል ነው ወይስ ይገባል? ካልገባችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ መጠየቅ አያሳፍርም።

ተማሪዬ እስካሁን አልፈረመችም። «መጀመሪያ ቃሉን ይቀይሩልኝ» ብላቸዋለች። ጎበዝ!