አንድ ፊደል፣ ብዙ ቁልፍ

ጌጃ ሰፈር ለምንኖር ሰዎች የልደታ ፍርድ ቤት ሩቅ አይደለም። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ የሚባለው ወረቀት ሁሉ እንዴት እንደሚጻፍ እያየን አድገናል፤ አባቶቻችን በታይፕ፣ እኛ በኮምፒዩተር። ከታይፕ ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ሽግግር ግን ታሪክ ነው ብሎ የሚያስተምረን አላገኘንም። መቼስ ጦርነትና ንጉሥ ከሌለበት ታሪክ አይመስለንም!

ከታይፕ እንጀምር። ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደል ከጥቂት የመኪና ቁልፎች ጋር ለማስታረቅ የፊደሉን እግርና ቅጥያ ለብቻ እየለያዩ የሚቀጥል ዘዴ አበጁ። መልኩ አላማረም፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው። ወረቀቱ በኦሊቬቲ ይመታ በኦሊምፒያ፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያነበዋል። አንዱ ቢሮ የተመታ ስቴንስል በሌላው ቢሮ ማባዣ ላይ ያለ ችግር ይዞራል። «በማን መኪና ነው የተጻፈው?» ብሎ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ተወለደ። የዚያን ጊዜው ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ሲሆን፣ በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪው ሁሉ የላቲኑን ፊደል ከመቀመጫው እያስነሣ የኛን በፈቀደው ቦታ አስቀመጠ፤ ያልበቃውም ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፈለው። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ መንገዱን ከጀመሩት መካከል ናቸው። ኋላ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እየተባለ ገበያው ሞላ። እነዚህ ሰዎች ባይደክሙ አማርኛ በስክሪን ላይ ባልታየ ነበር፤ እኛም በክፋት አንከሳቸውም። የጋራ ቁጥር የሰጣቸው አካል አልነበረማ!

ውጤቱ ግን መራራ ነበር። በአንዱ የተጻፈው ፋይል ሌላው ባለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሚወጣው ነጥብና ጭረት የተለጠፈበት የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። አንድ ባለጉዳይ ክሱን ባንዱ ጽሕፈት ቤት አስጽፎ፣ ከወራት በኋላ ይግባኝ ሊል ፍሎፒውን ይዞ ወደ ሌላ ቢሄድ፣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወደ መጀመሪያው ቤት መመለስ ወይም ከ«ለ» እስከ ፊርማው እንደ አዲስ ከፍሎ ማስጻፍ። ጸሐፊዋም ብትሆን በአንዱ ኪቦርድ የለመደ ጣቷ በሌላው ይተሳሰርባታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ፕሮግራሙን የተጠቀመው ገዝቶ ሳይሆን ኮፒ አስደርጎ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንተፋፈር። ታዲያ ሳንቲም ያልከፈለውን ሰው ምን አሰረው? ያሰረው የራሱ የቆየ ጽሑፍ ነው። በተጻፈ ቁጥር እስሩ ይጠብቃል፤ ባለ አምስት ገጹ ይቀየር ይሆናል፣ የአምስት ዓመት መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ግን የት ይሄዳል? ዛሬ በኮምፒዩተር ጌም መደብሮች የምናየውም ይኸው ነው። በ2003 በተከፈተው ስቲም የተገዛ ጌም በ2018 በመጣው ኤፒክ መደብር አይታይም። ተጫዋቹ በሩ ስለተዘጋበት ሳይሆን መደርደሪያውን እዚያ ስለሞላ ይቀራል።

የኛን ቁልፍ የከፈተው ውድድሩ አይደለም። ውድድሩማ ቁልፍ ያበዛ ነበር። እነ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ከሌሎች ጋር ሲሟገቱለት የቆዩት ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ 345 ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ቁጥሩም የማንም ኩባንያ ንብረት አልሆነም። ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘትና መጻፍ መቻል ለየቅል ናቸው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለሕዝብ የወጣው በ2007፣ በቪስታ ነው። በነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥም መሥሪያ ቤቱ በለመደው ፎንት መጻፉን ቀጠለ፤ እስሩ ከተፈታ በኋላም እስረኛው አልወጣም ማለት ነው።

ለእኛ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች ነገሩ የጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራና ግዕዝ የተማረ ዛሬም ቁጭ ብሎ ያነበዋል። በ1988 ዓ.ም. በፍሎፒ የተቀመጠን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማንበብ ግን ፍሎፒውን የሚቀበል ማሽን፣ ያልተበላሸ ዲስክ፣ ከሁሉም በላይ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የፎንቱ ስም ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ ፕሮግራም አለ፤ ካልታወቀ ግምት ነው። ስለዚህ ከወላጅ ወይም ከመምህር የተረፈ ፍሎፒና ሲዲ ቤታችሁ ያላችሁ፣ የጻፈው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ የፎንቱን ስም ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት።