ስለ ቦኩ፤ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ በትር

እንጨት በጠራቢ እጅ ከገባ በኋላ ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ለዓይን የሚታየው ቅርጽ ነው፤ ሁለተኛው ለልብ የሚነገረው ትርጓሜ ነው። ቅርጹን መንገደኛ ሁሉ ያያል፤ ትርጓሜውን ግን የሚያገኘው የጠየቀ ብቻ ነው።

በጃፓንና በቻይና ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከእንጨት የተቀረጹ የቡድሃ ምስሎች ይገኛሉ። የጆሮአቸው ጫፍ ወደ ታች የረዘመ ስለ ኾነ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ጠራቢው የተሳሳተ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቡድሃ አስቀድሞ ሲድሃርታ የሚባል የመስፍን ልጅ ነበርና፣ ከባድ ጉትቻ ጆሮውን አስረዝሞት ነበር ይባላል። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ሲወጣ ጌጡን አወለቀ፤ የጆሮው ርዝመት ግን ቀረ። ስለዚህ ያ ባዶ ጆሮ በፈቃድ የተተወ ክብር ምልክት ነው።

ክብርን ስለ መተው የሚናገር እንጨት በእኛም አገር አለ። በወለጋና በሌላውም የኦሮሞ ምድር ቦኩ ይባላል። ቦኩ ብዙ ጊዜ ከወይራ የሚጠረብ በትረ ሥልጣን ነው፤ የሚይዘውም አባ ገዳው ነው። በሆሮ ጉዱሩ እንዳለው እንደ ኦዳ ቡሉቅ ባለ ስፍራ ሕዝቡ በኦዳ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ሲያወጣና ሲዳኝ፣ ቦኩ የሕጉ ምስክር ነበር።

በገዳ ሥርዓት አምስት ወገኖች በየተራቸው 8 8 ዓመት ያስተዳድራሉ፤ ተራውም በ40 ዓመት ይዞራል። ስምንቱ ዓመት ሲፈጸም አባ ገዳው ቦኩን ለተተኪው ያስረክባል። ዘውድ በራስ ላይ ይደፋል፤ ቦኩ ግን በእጅ ይያዛል፤ በእጅ የተያዘም ነገር ለሌላ ለመስጠት የተመቸ ነው።

ይህ ሥርዓት በወለጋ ሳይናወጥ አልቆየም። በ19ኛው መቶ ዓመት የጦር አለቆች ኃይል በረታ፤ ሥልጣንም ከተራ ወደ ተራ መተላለፉ እየቀረ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ጀመር። በሌቃ ነቀምቴ በከሬ ጎዳና ለልጁ ለሞረዳ፣ ሞረዳም ለልጁ ለኩምሳ አወረሰ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ማለት አይደለም። ሞረዳ እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ በሰላም በመግባቱ የአገሩን የውስጥ አስተዳደር አስጠብቋል፤ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባለው ኩምሳም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመጣ ተቀብሎታል። የኩምሳ ቤተ መንግሥትም እስከ ዛሬ በከተማይቱ ይታያል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጉዳቱ ደግ ገዥ በተገኘ ጊዜ አይታወቅም። ቦኩ በየተራው ሲያልፍ፣ ክፉ ሹም የገጠመው ድኻ ዓመቱን ቈጥሮ ይጽናና ነበር፤ ስምንቱ ዓመት አላፊ ነውና። ሥልጣን ርስት ከኾነ በኋላ ግን ድኻው የሚቈጥረው ዓመት አጣ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። ይህ ያስደስታል። ነገር ግን መዝገብ ትርጓሜን በልብ አያኖርም። ቦኩን ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ በማኅበሩ ሊቀ መንበርነት ሃያ ዓመት የሚቀመጥ ሰው፣ ያከበረው እንጨቱን ነው እንጂ ቦኩን አይደለም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የክፍል አለቃ ብትኾኑ፣ የዕድር ገንዘብ ብትይዙ፣ ነገም በወንበር ላይ ብትቀመጡ፣ የያዛችሁት ነገር ከሌላ እጅ የመጣና ወደ ሌላ እጅ የሚሄድ መኾኑን አትርሱ። ስትቀበሉት ቀኑን ቍጠሩ፤ ቀኑም ሲደርስ ሳትለመኑ አስረክቡ።