«ለጓደኛዬ ነው»፤ የአባላዘር በሽታ በጅጅጋና በአካባቢዋ

ጅጅጋ ውስጥ አመሻሽ ላይ መድኃኒት ቤት የቆመ ሰው ይህን ደንበኛ ሳያየው አይቀርም። ሌሎቹ ገዝተው እስኪወጡ የጥርስ ሳሙና ዋጋ ይጠይቃል፣ ስልኩን ይነካካል። ባንኮኒው ባዶ ሲሆን ጎንበስ ይልና «ዋላል (ወንድሜ)፣ ሽንት የሚያቃጥለው ጓደኛ አለኝ» ይላል። ሻጩም ጓደኛው ለምን ራሱ አልመጣም ብሎ አይጠይቅም። ባለሁለት ቀለም እንክብል ቆጥሮ፣ «ጧትና ማታ» ብሎ ይሸኘዋል። ምርመራ የለም፣ ካርድ የለም፣ ስም የለም። በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለው የተረፈውን እንክብል ለክፉ ቀን ያስቀምጣል።

ይህ ሹክሹክታ የጅጅጋ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም አለ። የሰሜኑን የሶማሌ ክልል ከተሞች ለቅኝት የሚመች የሚያደርጋቸው ሁሉም መንገድ የወለዳቸው መሆናቸው ነው። መንገድ ባለበት ደግሞ ይህ በሽታ ሁልጊዜ በእንግዳው ይሳበባል። ጣሊያኖች ቂጥኝን የፈረንሳይ በሽታ አሉት፤ ፈረንሳዮች የኔፕልስ፤ ዓረቦች የፈረንጅ። በእኛም ምሥራቅ ከተሜው ወደ ወደብ፣ አርብቶ አደሩ ወደ ጦር ሰፈር፣ ሁሉም ወደ ከባድ መኪና ሹፌር ጣቱን ሲቀስር ኖሯል።

መንገዱ ከከተማው ይቀድማል (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ጅጅጋ በ1842 ከዘይላ ሐረር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዷ ሆና ተጠቅሳለች። በ1893 ያለፈው እንግሊዛዊ አዳኝ ስዌይን ከውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ የታጠረ ምሽግና 25 ወታደሮች አገኘ። በ1900 የሶማሊው አማፂ መሪ ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ተከታዮች፣ ደርቪሾቹ፣ ያጠቁት ይህንኑ የጦር ሰፈር ነው። በ1916 አካባቢ አገረ ገዢው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ከተማ አድርገው አቀኗት። ወደ ሰሜን፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ደወሌና አይሻ የባቡር ጣቢያ ሆነዋል፤ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ኤረርም በመስመሩ ላይ ነበረች። ሚስቱን ትቶ የመጣ ወታደር፣ ነጋዴና የባቡር ሠራተኛ በሚያድርበት ቦታ ጨብጥና ቂጥኝ ምን ያህል እንደሚመቻቸው ለመረዳት ቁጥር አያስፈልግም።

መድኃኒቱስ? በደጋው አገር ስመ ጥሩው ሕክምና ወሸባ ነበር፤ በሽተኛው ለሳምንታት ቤት ተዘግቶ፣ በእንፋሎት እየታጠነ፣ የሥር ውሃ እየጠጣና ምግብ እየመረጠ ይከርማል። ፍልውሃ መታጠብም ፈውስ ይባል ነበር፤ አዲስ አበባ የራሷ ፍልውሃ ነበራት፣ በምሥራቅ የኤረር ሙቅ ምንጭ አለ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ጆርጂያዊ ሐኪም ሜራብ በ1912 ስለ ኢትዮጵያ ሕክምና መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሷል፤ የዘመኑ የውጭ አገር ሐኪሞች ግን ያዩትን ቁስል ሁሉ ቂጥኝ ለማለት ይቸኩሉ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ወሸባም ሆነ ፍልውሃ ስም ያተረፈው በተንኮለኛ በሽታ ላይ ነውና። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ከግንኙነቱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ ይወጣል። አያምም። መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረገ ነገር ሁሉ ያዳነ ይመስላል፦ ሥሩም፣ ፍልውሃውም፣ ጸሎቱም፣ ዛሬ ደግሞ እንክብሉ። ከወራት በኋላ መዳፍና የእግር ውስጥ ላይ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ እሱም ይጠፋል። ከዚያ ዝም ይላል። ዓመታት ቆይቶ በአንዳንዱ ሰው ልብን፣ አንጎልን፣ አጥንትን ይዞ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ያንን ትንሽ ቁስል ማን ያስታውሳል?

ሌላም ማደናገሪያ አለ። በደረቅ ምድር በሚኖሩ ዘላን ሕዝቦች ዘንድ ልጆችን በንክኪና በአንድ ዋንጫ በመጠጣት የሚይዝ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ያልተያያዘ የቂጥኝ ዘመድ ይታወቃል። የተለመደው የደም ምርመራ ሁለቱን አይለይም። ልጅ ሳለ ከታመመ አዋቂ ደም የተገኘ ምልክት ያላደረገውን አድርገሃል ብሎ ሊመሰክርበት ይችላል፤ ስለ አርብቶ አደሮች የተጻፉ አሮጌ የቂጥኝ ቁጥሮችን በጥንቃቄ የማነበው ለዚህ ነው።

በ1936 የገባው ጣሊያን ነገሩን በመዝገብና በግዴታ ምርመራ ሊገዛው ሞከረ፤ ሴተኛ አዳሪዋን መረመረ፣ ወታደሩ ግን አልለቀቃትም። በ1941 እንግሊዞች ጅጅጋን ያዙ። በ1943 ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን አሜሪካ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በአገራችን የመርፌን ያህል ክብር ያገኘ ሕክምና የለም። በ1977 የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ያዘ፣ በመጋቢት 1978 ተለቀቀች፤ ጦር ሰፈሩ ሰፋ። ከ1988 ጀምሮ ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹት ሐርትሼክን፣ ቀብሪበያህንና ተፈሪ በርን ሞሉ፤ በ1991 ገደማ በምሥራቁ መጠለያዎች ከ600,000 በላይ ስደተኞች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ኤችአይቪ መጣ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። መንገድ፣ ጦር፣ ስደት ባንድ ላይ፤ ክልሉ ያልቃል ያለው ብዙ ነበር። አላለቀም። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጋምቤላ 4.8 በመቶ የነበረው የኤችአይቪ ስርጭት በሶማሌ ክልል ከ0.1 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ።

ፍርሃቱ ግን በስርጭቱ ልክ አልቀነሰም። ዛሬ ከአንድ ምሽት በኋላ እንቅልፍ የሚያጣው ወጣት አንደኛ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ጨብጥ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ መግል ያሳያል። ክላሚዲያ ዘግየት ይላል፣ ፈሳሹም ቀጠን ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይገባሉ፤ ስለዚህ በ2015 የወጣው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያ ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ እንዲታከም ያዛል። የባንኮኒው እንክብል አንዱን ገድሎ ሌላውን ይተዋል፣ ወይም ጀርሙ ከለመደው ቆይቶ ምንም አይሠራም። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ ደግሞ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም፤ ሰውየው ያንን ሰዓት የጨረሰው ማንን ልጠይቅ እያለ ነው።

በደንብ ታክሞም የማይለቀው አለ። ምርመራው ነጻ ነህ ይለዋል፣ እሱ ግን ይነዝረዋል፣ ይቆጠቁጠዋል። መግል አለ የለም እያለ በቀን አሥር ጊዜ ብልቱን የሚጨምቅ ሰው ቧንቧውን ራሱ ያቆስለዋል፤ ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። የጅጅጋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጫት ነው። ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚያዳክም በጥናት ታይቷል፤ ሳይፈልጉት ዘር ማንጠባጠቡም በሕክምና መጻሕፍት ሰፍሯል። በሙቀት፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ የሚያየው ጠብታ ጨብጥ ላይሆን ይችላል። የኩላሊት ጠጠርም ያቃጥላል። ይህን ሁሉ ለመለየት የሽንት ምርመራና ያለ ሐፍረት የሚወራ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ይበቃ ነበር።

እስካሁን የተወራው ስለ ወንዱ ነው፤ መዝገቡም እንዲሁ ነው። ኤልዛቤት ዳንካን የተባለች ሐኪም በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሴቶችን ስትመረምር፣ ከመጀመሪያ ባላቸው ሌላ የማያውቁ ሚስቶችም በአባላዘር በሽታ ተይዘው አግኝታለች። በሶማሌ ክልል ችግሩ ድርብ ነው። በ2016ቱ ጥናት መሠረት ከክልሉ ሴቶች 99 በመቶ ያህሉ የተገረዙ ናቸው፤ ከእነሱ 73 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የተሰፉ። የተሰፋች ሴት ሽንቷ ሲዘገይ፣ ወር አበባዋ ሲያምማት፣ ከባሏ ጋር ስትገናኝ ሲያቆስላት የኖረች ስለሆነች አዲስ የመጣ ማቃጠል አዲስ መሆኑን እንኳ ላትለየው ትችላለች። ነርሷም በመሣሪያ ልትመረምራት ብትፈልግ በጠበበው በኩል አያልፍላትም።

መመሪያው የትዳር ጓደኛም አብራ ትታከም ይላል። ባልየው ጅጅጋ ታክሟል፣ ሚስቱ አውበሬ ወይም ሐርሺን ናት፣ ምናልባትም ሌላ ሚስት አለችው። መድኃኒቱን ይዞላት ለመሄድ ከየት እንዳመጣው መናገር አለበት፤ ለሁለቱም መያዝ ደግሞ ሁለት ጊዜ መናገር ነው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም ምልክት አያዩም፤ የማህፀን ቱቦው ሲጠብ የምትሰማው ነገር ላይኖር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ልጅ ሲታጣ «መካን ናት» የሚባለው ለእሷ ነው፣ ሌላ የሚያገባውም እሱ።