ታዳጊዎች ትናንሽ ተሽከርካሪዎችን እንዲያሽከረክሩ ሊፈቀድላቸው ይገባል?

ባጃጅና ሞተር ሳይክል በከተማም ሆነ በገጠር የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ከሆኑ ቆይተዋል። እህል ወደ ገበያ፣ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ተሽከርካሪው ትንሽ ከሆነ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ቢያሽከረክረው ምን ችግር አለው?

ሕጉ ምን ይላል?

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከርን ይከለክላል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ፈቃዱን አያገኝም። ባለሁለት ወይም ባለሦስት እግር መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን "ወጣት ሠራተኞች" ይላቸዋል። መንገደኞችንና ዕቃን በመንገድ የማጓጓዝ ሥራም እነዚህ ወጣቶች እንዳይሰማሩባቸው ከተከለከሉ ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት ታዳጊን ቀጥሮ በባጃጅ የሚያሠራ ባለንብረት ሁለቱንም አዋጆች ይጥሳል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ለታዳጊዎች የሚፈቅዱ አገሮች አሉ። በፈረንሳይ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የ14 ዓመት ታዳጊ ትናንሽ ባለአራት እግር ተሽከርካሪዎችን ማሽከርከር ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ ገደብ አለው። የተሽከርካሪው ክብደት ከ425 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ የሚይዘውም ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። ታዳጊው የመንገድ ደኅንነት ፈተና ማለፍና የተግባር ሥልጠና መውሰድ ይኖርበታል።

የስዊድን ታሪክ ለአርሶ አደሩ ይበልጥ ይቀርባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ትራክተር ሲጠፋ የአገሪቱ ገበሬዎች አሮጌ መኪኖችን ወደ ትራክተርነት ይለውጡ ነበር። የዚያ ልማድ ውርስ የሆነውን ተሽከርካሪ ዛሬ የ15 ዓመት ታዳጊዎች በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያሽከረክሩታል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደንቡ ላላ ሲል የተሽከርካሪዎቹ ብዛትም፣ የሚጎዱ ታዳጊዎች ቁጥርም ጨመረ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የደኅንነት ቀበቶ ግዴታ ሆነ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። እነዚህ አገሮች ዕድሜውን ዝቅ ያደረጉት የተሽከርካሪውን ፍጥነት አብረው በመገደብ ነው። ያም ሆኖ አደጋው አልቀረም።

የኛ ሁኔታ ለምን ይለያል?

ባጃጅ ለታዳጊ ተብሎ የተሠራ ተሽከርካሪ አይደለም። ከከባድ መኪና ጋር በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ የሰው ሕይወትም ይጭናል። ሦስት እግር ብቻ ስላለው በፍጥነት ሲታጠፍ በቀላሉ ይገለበጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህን ቀድሞ ለመገመት ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ብስለትም ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የትራፊክ አደጋ ነው።

ምን ይደረግ?

የገቢ እጥረትና የመንገድ ርቀት እውነተኛ ችግሮች መሆናቸው አይካድም። ሆኖም አንድ አደጋ ቤተሰብ በዓመታት ያፈራውን ጥሪት ለሕክምናና ለካሳ ሊያስጨርስ ይችላል። ወላጆች ቁልፍ ከልጆች እንዲርቅ ማድረግ፣ ባለንብረቶችም መንጃ ፈቃድ ሳያዩ ተሽከርካሪ አለመስጠት ይጠበቅባቸዋል። ተሳፋሪውም አሽከርካሪው ልጅ መሆኑን ካየ አለመሳፈር ይችላል። የመንዳት ፍላጎት ያለው ታዳጊ እስከ 18 ዓመቱ በብስክሌት እየተለማመደ የመንገድ ምልክቶችንና የትራፊክ ሕግን ቢማር፣ ጊዜው ሲደርስ ፈቃዱን የሚያገኘው ተዘጋጅቶ ነው።